ጥቃት በደረሰ ማግስት የውጭ ፖሊሲ ይቀየራል ወይ?

ጥያቄ፦ "የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ከጎረቤቶቼ ጋር ተከራክረን ሳንግባባ ተለያየን። አንደኛዋ 'ጦራችን ከሶማሊያ ቢወጣ አልሸባብ ምን ብሎ ይመጣብናል? ስፔን ከኢራቅ ወጥታ ተገላግላ የለ እንዴ?' ትላለች። ጡረታ የወጡት መኮንን ጎረቤታችን ደግሞ 'አንዴ የነካህን እጥፍ አድርገህ ካልመታኸው ይለምድብሃል' ባይ ናቸው። አንድ አገር የሽብር ጥቃት ሲደርስበት የውጭ ፖሊሲውን መቀየር አለበት ወይስ በያዘው መጽናት?"

ምላሽ፦

ሁለቱ ጎረቤቶችዎ የተቃረኑ ይምሰሉ እንጂ የተነሱት ከአንድ ቦታ ነው። ሁለቱም ፖሊሲውን ጥቃቱ እንዲወስነው ፈቅደዋል። አንደኛዋ ቦምቡ "ውጡ" ስላለ እንውጣ ይላሉ፤ መኮንኑ ቦምቡ "ውጡ" ስላለ ብቻ አንወጣም ይላሉ። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ፖሊሲው መመዘን ያለበት ጥቃቱ ከመድረሱ ከአንድ ቀን በፊት ይመዘንበት በነበረው ሚዛን ነው። ያኔ ትክክል ከነበረ ፍንዳታው ስህተት አያደርገውም። ያኔ ስህተት ከነበረም "ለአሸባሪ ተንበረከኩ እንዳንባል" ተብሎ መቀጠል የለበትም። ጥቃቱ የሚጨምረው አንድ መረጃ ነው፤ ፖሊሲው የሚያስከፍለው ዋጋ ከተገመተው ይብለጥ ወይም ይነስ እንደሆነ ያሳያል። መረጃው ከባድ ነው፣ ትእዛዝ ግን አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከስፔን ልጀምር። ሁሉም ይጠቅሳታል፣ ዝርዝሩን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያስታውሰው። ማርች 11 ቀን 2004 ጠዋት ወደ ማድሪድ ሠራተኛ በሚያመላልሱ አራት ባቡሮች ላይ አሥር ቦምቦች ፈንድተው 193 ሰው ሞተ። አገር አቀፍ ምርጫው ሦስት ቀን ነበር የቀረው። የጠቅላይ ሚኒስትር አስናር መንግሥት በሰዓታት ውስጥ ጥፋቱን በባስኩ ታጣቂ ቡድን በኢታ ላይ ለጠፈ፤ ማስረጃው ወደ አልቃይዳ ተከታዮች ሲያመራም አቋሙን ቶሎ አላስተካከለም። ማርች 14 ቀን የሶሻሊስቱ ፓርቲ መሪ ሳፓቴሮ አሸነፈ። ኤፕሪል 18 ቀን ደግሞ 1,300 ያህል የስፔን ወታደሮች ከኢራቅ እንዲወጡ አዘዘ።

በየክርክሩ የሚዘለሉት ሦስት ነገሮች እነዚህ ናቸው። ሳፓቴሮ ጦሩን አስወጣለሁ ያለው ከጥቃቱ በፊት፣ በምርጫ ዘመቻው ወቅት ነው፤ አብዛኛው የስፔን ሕዝብም ጦርነቱን ገና ከጅምሩ ይቃወመው ነበር። ስለዚህ ፖሊሲው ከቦምቡ አልተወለደም። ደግሞም ስፔን የወጣችው ከኢራቅ እንጂ ከአፍጋኒስታን አይደለም፤ እዚያ የነበራትን ጦር እንዲያውም ጨመረች። "ተገላገለች" የሚለው ደግሞ ጨርሶ አይይዝም። መራጩ ድምፁን ከሰጠ በኋላ፣ ኤፕሪል 2 ቀን፣ ከማድሪድ ወደ ሴቪያ በሚወስደው የፈጣን ባቡር ሐዲድ ላይ ያልፈነዳ ቦምብ ተገኘ። በማግስቱ ከማድሪድ ዳር ባለችው ሌጋኔስ ፖሊስ የተጠርጣሪዎቹን አፓርታማ ሲከብ ሰባቱ ራሳቸውን አፈነዱ፤ አንድ የልዩ ኃይል ፖሊስም አብሮ ሞተ። በጃንዋሪ 2008 የባርሴሎናን ሜትሮ ለማጥቃት ሲዶልት የነበረ ቡድን ተያዘ። በኦገስት 2017 በባርሴሎናና በካምብሪልስ 16 ሰው ተገደለ። የማድሪዱ ቡድን የሚፈልገው ኢራቅ ያለውን ጦር ብቻ ቢሆን ኖሮ ማርች 14 ማታ ሥራውን ባቆመ ነበር።

ሳፓቴሮን የምወቅሰው በውሳኔው ሳይሆን በጊዜው ነው። በዘመቻው ወቅት የገባው ቃል የተባበሩት መንግሥታት ኃላፊነቱን ካልተረከበ ጦሩን እስከ ጁን 30 እመልሳለሁ የሚል ነበር። ሥልጣን በያዘ ማግስት ከማዘዝ ይልቅ ያችን ቀን ጠብቆ ቢሆን ኖሮ "ቦምቡ አስወጣቸው" ማለት ይከብድ ነበር። ፖሊሲው ያው፣ ልዩነቱ አሥር ሳምንት፤ መልእክቱ ግን ሌላ።

መልእክቱ ለምን ይህን ያህል ያሳስባል ቢሉ፣ ሌሎች ስለሚያነቡት ነው። ኦክቶበር 23 ቀን 1983 ቤይሩት ውስጥ በፈንጂ የተሞሉ መኪኖች 241 አሜሪካውያን ወታደሮችንና 58 ፈረንሳውያን ፓራሹተኞችን ገደሉ። ፕሬዚዳንት ሬገን መጀመሪያ "አንወጣም" አለ፤ በፌብሩዋሪ 1984 ጦሩ እንዲወጣ አዘዘ። ኦክቶበር 1993 ሞቃዲሾ ላይ በአንድ ውጊያ 18 አሜሪካውያን ሞቱ፤ እስከ ማርች 1994 የአሜሪካ ጦር ጠቅልሎ ወጣ። ቢን ላደን በ1996 ባወጣው የጦርነት አዋጅ ቤይሩትንም ሞቃዲሾንም አንስቶ አሜሪካ ደም ስታይ የምትሸሽ ናት ብሎ ሰበከበት። በእኔ ግምት ሁለቱም ቦታ ላይ ጦሩ ግልጽ ተልዕኮ አልነበረውም፤ መውጣቱ ትክክል ነበር። ያጎደፈው ፉከራው ነው። የማትቆይበት ቦታ ላይ "ንቅንቅ አልልም" ብለህ ከሳምንታት በኋላ ስትወጣ፣ ትክክለኛው ውሳኔህ ሽንፈት ሆኖ ይነበባል።

ጥናቶቹስ ምን ይላሉ? ሁለቱን ልጥቀስ፣ ብዙ ጊዜ እርስ በርስ የሚጋጩ ተደርገው ይቀርባሉና። ከ1980 እስከ 2003 የተፈጸሙ 315 የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃቶችን የመረመረ ጥናት፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የውጭ ጦርን ከአገር ለማስወጣት የተነሱ ዘመቻዎች አካል ናቸው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ይህ እንውጣ ለሚሉት ጎረቤትዎ ይረዳል። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 28 ድርጅቶች የያዟቸውን 42 የፖሊሲ ግቦች ተከታትሎ የተሳኩት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አገኘ፤ በዋናነት ሲቪሎችን የሚያጠቁት ደግሞ የጦር ዒላማ ከሚመርጡት የባሰ ይከሽፋሉ። ግጭት የለም። የመጀመሪያው የሚፈልጉትን ይነግረናል፣ ሁለተኛው የሚያገኙትን። ሲቪል ሲገደል የተጠቂው አገር ሕዝብ ነገሩን "ጦራችንን ሊያስወጡ ነው" ብሎ ሳይሆን "ሊያጠፉን ነው" ብሎ ይረዳዋል፤ ያኔ ማንኛውም መንግሥት ለመደራደር የሚተርፈው ቦታ ይጠባል።

ወደ መኮንኑ ልመለስ። እጥፍ አድርጎ መምታት የሚለው ሐሳብ ችግሩ ጭካኔው ብቻ አይደለም። ማንን? የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቸኩላል። ኦገስት 7 ቀን 1998 የናይሮቢና የዳሬሰላም የአሜሪካ ኤምባሲዎች ፈንድተው 224 ሰው ሞተ። በ13ኛው ቀን አሜሪካ በአፍጋኒስታን የአልቃይዳ የሥልጠና ካምፖችና ካርቱም ውስጥ ባለው የአልሺፋ መድኃኒት ፋብሪካ ላይ ሚሳኤል ተኮሰች። ፋብሪካው የኬሚካል መሣሪያ ግብዓት ይሠራል የተባለው በዋናነት ከአካባቢው በተወሰደ የአፈር ናሙና ላይ ተመሥርቶ ነበር፤ ማስረጃው ወዲያው አከራካሪ ሆነ፣ ሱዳንም ከዋና ዋና የመድኃኒት ፋብሪካዎቿ አንዱን አጣች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በ2003 ደግሞ ነገሩ በስፋት ተደገመ፤ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ቁጣ ሳይበርድ ኢራቅ ተወረረች፣ በኋላ ጥቃቱን የመረመረው የአሜሪካ ኮሚሽን በኢራቅና በአልቃይዳ መካከል የአሠራር ትብብር እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። የእንግሊዝ የጋራ የመረጃ ኮሚቴም ወረራው ሳይጀመር በፌብሩዋሪ 2003 ዘመቻው የአልቃይዳን ስጋት እንደሚያባብሰው አስጠንቅቆ ነበር። ጁላይ 7 ቀን 2005 ለንደን ላይ 52 ሰው ሲሞት ዋጋው አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር ማለት ነው።

ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ከ1968 እስከ 2006 የነበሩ 648 ቡድኖችን አይቶ ነበር። አሸባሪነታቸው ካከተመው መካከል 43 በመቶዎቹ ወደ ፖለቲካ ገብተው፣ 40 በመቶዎቹ በፖሊስና በመረጃ ሥራ ተይዘው ወይም መሪዎቻቸው ተገድለው፣ 10 በመቶዎቹ አሸንፈው፣ 7 በመቶዎቹ በጦር ኃይል ተደምስሰው ነው ያበቁት። ለመኮንኑ በፍትሕ ለመናገር፣ አልሸባብ ግዛት ይዞ ግብር የሚሰበስብ፣ በመቶዎች አሰልፎ የሚዋጋ ኃይል ነው። እንዲህ ያለውን ፖሊስ ብቻውን አይችለውም፣ ጦር ያስፈልጋል። ጦሩ ለምን ዓላማ፣ እስከ የት የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ የራሳችን ታሪክም ጥሩ አድርጎ የሚያስተምረው እዚህ ላይ ነው።

ጁን 26 ቀን 1995 የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ገብተው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ሲጓዙ ተተኮሰባቸው። አጥቂዎቹ የግብፅ አክራሪ ቡድን አባላት ነበሩ፤ ሦስት ተጠርጣሪዎች ሱዳን ውስጥ ተጠለሉ። ኢትዮጵያ በማግስቱ ካርቱምን አልደበደበችም። ምርመራውን አጠናቀቀች፣ ተጠርጣሪዎቹን በሁለትዮሽ መንገድ ጠየቀች፣ እንቢ ስትባል ጉዳዩን ወደ አፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ ከዚያ ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ወሰደችው። ከጥቃቱ ሰባት ወር በኋላ፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 1996፣ ውሳኔ ቁጥር 1044 ወጣ፤ ሱዳን ተጠርጣሪዎቹን እንድታስረክብ ተጠየቀች፣ ዋና ጸሐፊውም በ60 ቀን ውስጥ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ተባለ። ሳትፈጽም ስትቀር በኤፕሪል በቁጥር 1054 የዲፕሎማቶቿ ቁጥርና እንቅስቃሴ ተገደበ፣ በኦገስት በቁጥር 1070 የበረራ ማዕቀብ ተዘጋጀ፤ ይህኛው ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በሜይ 1996 ቢን ላደን ከሱዳን እንዲወጣ ተደረገ። መንገዱ ንጹሕ ነበር አልልም፤ አዲስ አበባ በዚያው ጊዜ ለሱዳን ተቃዋሚዎች የምትሰጠውን ድጋፍ ጨምራለች፣ ሦስቱ ተጠርጣሪዎችም አልተላለፉም። ግን ሱዳን ለአክራሪ ቡድኖች የምትሰጠው መጠለያ ዋጋው እንዲንር ያደረገው ያ የማስረጃ ሰነድ ነው። የውጭ ፖሊሲ ለውጥ ማለት ይህ ነው፤ ከጎረቤት ጋር የነበረው ወዳጅነት ተቀየረ፣ በማስረጃ፣ በደረጃ፣ ከሌሎች ጋር።

በዚያው በ1996 አልኢትሃድ አልኢስላሚያ የተባለው የሶማሊያ ቡድን አዲስ አበባ ውስጥ ጥቃት ከፈተ፤ በጁላይ የትራንስፖርትና መገናኛ ሚኒስትሩን አብዱልመጂድ ሁሴንን ለመግደል ሞከረ። በኦገስት የኢትዮጵያ ጦር ጌዶ ክልል ገብቶ ሉቅንና ቡላሃዋን ጨምሮ የቡድኑን ሰፈሮች መታና ተመለሰ፤ በጃንዋሪ 1997 ደገመው። ዓላማው ሰፈሮቹን ማፍረስ ነበር፣ ሰፈሮቹም ፈረሱ።

ዲሴምበር 2006 ላይ ዓላማው ሰፋ። የተወካዮች ምክር ቤት በኖቬምበር መጨረሻ ለመንግሥት ፈቃድ ሰጠ፣ ጦሩ ሞቃዲሾን ይዞ የነበረውን የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት በቀናት ውስጥ በትኖ ዲሴምበር 28 ቀን ሞቃዲሾ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ዓመት ሌላ ነገር ነው፤ የሰው ዋና ከተማ መያዝ ነው። የኅብረቱ የወጣት ክንፍ የነበረው አልሸባብ "ወራሪን እንዋጋ" የሚል ቀላል መፈክር አገኘ። እንውጣ የሚሉት ጎረቤትዎ ልክ የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው፤ ቡድኑ ያን ያህል እንዲፋፋ ያ ይዞታ ረድቶታል።

ግን በጃንዋሪ 2009 ጦሩ ወጣ። ሎጂኩ ትክክል ከነበረ አልሸባብ መክሰም ነበረበት። የኢትዮጵያ ጦር ባይደዋን በለቀቀ በሰዓታት ውስጥ ከተማዋን ያዘ፤ ከኅብረቱ መሪዎች አንዱ የነበሩት ሼክ ሸሪፍ አህመድ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ እሳቸውንም ወጋ። ከወራሪ ጋር ብቻ የሚጣሉ የጎሳና ብሔርተኛ ታጣቂዎች በከፊል ተለዩት፣ አስኳሉ ግን ቀጠለ። ቡድን ሲቋቋም የነበረው ምክንያትና ከዓመታት በኋላ የሚያኖረው ምክንያት አንድ ላይሆን ይችላል፤ ግብር፣ ደመወዝ፣ ኬላ፣ ከአልቃይዳ ጋር ያለው ቃል ኪዳን የራሳቸውን ሕይወት ይኖራሉ። ኦክቶበር 13 ቀን 2013 ቦሌ ሚካኤል ውስጥ በአንድ ቤት ቦምብ ሲያዘጋጁ የነበሩ ሁለት ሰዎች ራሳቸው ሞቱ፤ ዒላማቸው በዚያው ቀን የተካሄደው የኢትዮጵያና የናይጄሪያ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተመልካች እንደነበረ መንግሥት አስታወቀ። በጁላይ 2022 ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታጣቂዎች ድንበር ተሻግረው ሶማሌ ክልል ገቡ። ያኔ ሶማሊያ ውስጥ ያለን ጦር አልጨመረም ነበር። የተመቻቸው የአገሪቱ ኃይል በሰሜኑ ጦርነት መወጠሩ ነው። ጥቃቱ የተመረጠው የእኛን ፖሊሲ አይቶ ብቻ አይደለም፣ የእኛን ክፍተትም አይቶ ነው።

የጎረቤቶቻችንን በአጭሩ፦ ኬንያ ጦሯን ኦክቶበር 2011 ሶማሊያ ካስገባች በኋላ በምድሯ ላይ የሚደርሰው ጥቃት ከፍ አለ፤ ዌስትጌት በ2013 (67 ሰው)፣ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ በ2015 (148 ሰው)፣ ዱሲት ሆቴል በ2019 (21 ሰው)። መካድ አያስፈልግም። ግን የ1998ቱ የናይሮቢ ፍንዳታ ሲደርስ ኬንያ አንድም ወታደር ሶማሊያ አልነበራትም። ዩጋንዳ ጁላይ 11 ቀን 2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲታይ ካምፓላ ውስጥ ከ70 በላይ ሰው ሞተባት፤ አንደኛው ቦምብ የፈነዳው "ኢትዮጵያን ቪሌጅ" በተባለ ምግብ ቤት ነበር። በዚያው ወር እዚያው ካምፓላ የተሰበሰበው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ጦር ለመጨመር ወሰነ፤ በዲሴምበር የጸጥታው ምክር ቤት ጣሪያውን ከ8,000 ወደ 12,000 ከፍ አደረገ። በ2011 አልሸባብ ከሞቃዲሾ ወጣ። ዩጋንዳ የጸናችው ስለተቆጣች ብቻ ቢሆን ኖሮ አይሠራም ነበር፤ ቁጥሩም፣ ገንዘቡም፣ ተልዕኮውም አብሮ ተስተካከለ።

እንግዲህ ውሳኔው በተግባር እንዴት ይሠራል? ሲጀመር፣ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ስለ ፖሊሲ ምንም አይነገርም። "አንወጣም" አይባልም፣ "እንወጣለን" አይባልም። የሞተው ሰው ቁጥር፣ የተዘጋው መንገድ፣ የተያዘው ተጠርጣሪ፣ በቃ። የአስናርን ስህተት ያስታውሱ፤ ጥፋተኛውን ሳያረጋግጥ ስም ጠራ፣ ፓርቲው በሦስተኛው ቀን ምርጫ ተሸነፈ።

በእነዚያ ቀናት መርማሪዎች አራት ጥያቄዎችን ለየብቻ ይመልሳሉ፦ ማን ፈጸመው፣ ማን አዘዘው፣ ማን አስጠለለውና ገንዘብ ሰጠው፣ የትኛው መንግሥት ያውቅ ነበር። አራተኛው ላይ ብዙ ጊዜ መንግሥታት ይሳሳታሉ፣ ምክንያቱም ሦስት ዓይነት መንግሥት በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው ሆን ብሎ የሚደግፍ ነው፤ ለእሱ ማዕቀብና እስከ ራስን መከላከል የሚደርስ እርምጃ ይኖራል። ሌላው እያወቀ ዓይኑን የሚጨፍን ነው። ሦስተኛው አቅም የሌለው ነው፣ እንደ ሶማሊያ፤ እሱን መቅጣት አጥቂውን መርዳት ነው። ሕንድ በ2008 ሙምባይ ላይ 166 ሰው ሲሞትባት ፓኪስታንን አልደበደበችም፤ ንግግሩን አቋርጣ፣ የማስረጃ ሰነድ አስረክባ፣ ዓለም አቀፍ ጫና አሰባሰበች። ፓኪስታን ከ2018 እስከ 2022 የሽብር ገንዘብን ከሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል የክትትል መዝገብ ላይ ሰፍራ ቆየች። በ2019 ግን ፑልዋማ ላይ 40 የጸጥታ አባላት ሲሞቱ ሕንድ ፓኪስታን ውስጥ ያለችውን ባላኮትን በአውሮፕላን መታች፤ በማግስቱ አውሮፕላኗ ተመትቶ አብራሪው ተማረከ። ሁለት የኑክሌር ባለቤቶች በሁለት ቀን ውስጥ የት እንደደረሱ ይመልከቱ።

ቀጥሎ ባሉት ሁለት ሳምንታት ፖሊሲው በሦስት ይከፈላል፤ ዓላማው፣ መሣሪያው፣ አቀማመጡ። የእኛን ብንወስድ ዓላማው ከድንበሩ ማዶ አልሸባብ መደላደል እንዳይችል ማድረግ ነው። መሣሪያው ጦር፣ ለሶማሊያ ኃይሎች የሚሰጥ ሥልጠና፣ የመረጃ ልውውጥ፣ ከክልል አስተዳደሮች ጋር ያለ ግንኙነት ነው። አቀማመጡ ስንት ሰው፣ የትኛው ከተማ፣ በየትኛው መንገድ ስንቅ የሚደርሰው የሚለው ነው። ጥቃት ብዙውን ጊዜ የሚያጋልጠው የአቀማመጥ ጉድለት ነው፤ ሕዝቡ ግን የሚከራከረው ስለ ዓላማው ነው። ለምሳሌ አንድ ኮንቮይ በተደጋጋሚ ከተመታ መልሱ መንገዱን፣ ሰዓቱንና የአካባቢ መረጃ ምንጩን መቀየር ሊሆን ይችላል፤ ከአገር መውጣት ወይም ሌላ ከተማ መውረር ላይሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ጥያቄ ይቀርባል፦ ጥቃቱ ባይደርስ ኖሮ ይህን ለውጥ ዛሬ እናደርገው ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ ለውጡ ይደረጋል፣ ቀኑ ግን በራሳችን ካላንደር ይያዛል።

ሕጋዊው በር ላይም መቸኮል ያስቀጣል። በእኛ ሕገ መንግሥት የውጭ ግንኙነት መርሆዎች አንቀጽ 86 ላይ ናቸው፤ የጦርነት አዋጅ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9 መሠረት ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ቀርቦ በተወካዮች ምክር ቤት ይታወጃል። በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 51 ራሱን የሚከላከል አገር እርምጃውን ወዲያውኑ ለጸጥታው ምክር ቤት ማሳወቅ አለበት። ፈቃዱ ሲጻፍ ጠላቱ በስም፣ ቦታው በወሰን፣ ጊዜው በገደብ ይቀመጥ። አሜሪካ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2001፣ በጥቃቱ በሦስተኛው ቀን፣ ያጸደቀችው የኃይል ፈቃድ ዋና ዓረፍተ ነገሩ በእንግሊዝኛው 60 ቃል ናት፤ የጊዜ ገደብ የላትም። በታችኛው ምክር ቤት 420 ለ 1 አለፈች። ያች ዓረፍተ ነገር ያኔ ያልነበሩ ቡድኖችን፣ ማንም ያላሰባቸውን አገሮች ከ20 ዓመት በላይ ሸፈነች።

መውጣት ትክክል ነው ከተባለ ደግሞ አወጣጡ ራሱ ሙያ ነው። ኦክቶበር 2016 የኢትዮጵያ ጦር በባኮል ክልል ያለችውን ቲየግሎውን ሲለቅ አልሸባብ ወዲያው ገባ። እንዲህ ባለው ቀን የሚጎዳው ጦሩ አይደለም፤ ከጦሩ ጋር ሲሠራ የነበረው አስተርጓሚ፣ የወረዳ ሹም፣ ውኃ ያቀረበ ነጋዴ ነው። ያ ቀን ቀጣዩን የመረጃ ምንጭ ያሳጣል፣ ሌላ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው "እነዚህም ነገ ይሄዳሉ" ብሎ አፉን ይዘጋልና። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ተረካቢው ኃይል ከተማው ውስጥ ገብቶ ከነባሩ ጋር ለሳምንታት አብሮ ይቆያል፤ ጥበቃና መንገድ ይረከባል፤ አደጋ ላይ ያሉ ተባባሪዎች ቀድመው ይወጣሉ ወይም አስተማማኝ ጥበቃ ያገኛሉ፤ ከባድ መሣሪያና ነዳጅ ይነሳል፤ ጦሩ መጨረሻ ላይ ይወጣል፣ በአቅራቢያው ደግሞ ቢያንስ አንድ ደራሽ ኃይል ይቀራል። ከላይ ወደ ታች ካልተሠራ፣ ማለትም ጦሩ ቀድሞ ተረካቢው ከዘገየ፣ ቲየግሎው ይደገማል። ካላንደር ብቻውን የሚመራው አወጣጥም ይሰናከላል። የአፍሪካ ኅብረቱ የሽግግር ተልዕኮ በጁን 2023 የመጀመሪያዎቹን 2,000 ወታደሮች አስወጣ፤ ቀጣዮቹን 3,000 ለማስወጣት ሲዘጋጅ የሶማሊያ ጦር ማዕከላዊ ሶማሊያ ላይ ተመታና መንግሥቱ ራሱ የሦስት ወር ፋታ ጠየቀ።

ለእርስዎ ሰፈር ቅርብ የሆነ ነገርም አለ። በተለምዶ ስለ ሶማሊያ ስንከራከር የምናስበው ጦሩን ብቻ ነው። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የፍጥነት መንገድና በገላን በዱከም በኩል የሚያልፈው የከባድ መኪና ሰልፍ የሚያመራው ወደ ጂቡቲ ነው፤ የአገሪቱ ወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያ ነው። ጂቡቲም ጦር ወደ ሶማሊያ ልካለች፣ በሜይ 2014 ደግሞ ዋና ከተማዋ ውስጥ በውጭ ዜጎች የሚዘወተር ምግብ ቤት ተመትቷል። እኛ ብቻችንን በቁጣ ብንወጣም በቁጣ ብንገፋም ሸክሙ ወደ እሷ ይዞራል፤ ስለዚህ የትኛውም ለውጥ ከጂቡቲ፣ ከኬንያና ከሞቃዲሾ ጋር አስቀድሞ ይነጋገሩበታል። በዜና ከሰሙ ቀድሞ የተበላሸ ነገር አለ።

መጨረሻ ላይ፣ ጥቃት በደረሰ ሰሞን "ፖሊሲ ቀየርን" እየተባለ የሚወጡ እርምጃዎች አሉ፤ ዋና ሥራቸው ሕዝቡን ማረጋጋት ነው። ኬንያ ከጋሪሳ በኋላ፣ ኤፕሪል 2015፣ የ13 የሐዋላ ድርጅቶችን ፈቃድ አገደች። አልሸባብ ኬላ ላይ ግብር ይሰበስባል፤ በሐዋላው የሚጠቀመው ግን በብዛት ዘመድ የሚጦር ሰው ነው። እገዳው በጁን ተነሳ። በሜይ 2016 ደግሞ የዳዳብን የስደተኞች ካምፕ እንዘጋለን ብላ አወጀች፤ የጋሪሳውን ጥቃት በመምራት የተጠረጠረው ሰውና ከአጥቂዎቹ ቢያንስ አንዱ ግን ኬንያውያን ነበሩ። የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2017 ውሳኔው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። ዶሎ አዶ ላይ ያሉትን ካምፖች በተመለከተ ተመሳሳይ ሐሳብ ሲነሳ ከሰሙ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ተጠርጣሪው ከየት እንደመጣ በምርመራ ተረጋግጧል ወይ የሚለው ነው።